ፈራኢድና ሒሳብ፦ ያልተለያዩ ዕውቀቶች

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



በየቤታችን የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ «ልጄ ዲኑን ይወቅ እንጂ ሒሳቡ የዱንያ ነው» ይባላል። በሌላ ወገን ደግሞ «የሳይንስ ፈተና ስለደረሰበት መድረሳው ይቆየው» የሚል ወላጅ አለ። ሁለቱ የተቃረኑ ቢመስሉም የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፤ ዲንና ሒሳብ አይገናኙም ብለው ነው። ይህ አመለካከት ከቀደምቶቻችን የወረስነው ነውን? ዛሬ ታሪክን እንጠይቅ።

ከውርስ እንጀምር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 11፣ 12 እና 176 የወራሾችን ድርሻ በቁጥር ደንግጓል። ድርሻዎቹ ስድስት ናቸው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶና አንድ ስድስተኛ። እንግዲህ ክፍልፋይ የማያውቅ ሰው እነዚህን አንቀጾች ሊያነባቸው ይችላል፤ ሊፈርድባቸው ግን አይችልም።

በኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። የፈራኢድ መምህራን ለደረሶቻቸው ዘወትር የሚያነሡት ምሳሌ እንዲህ ነው፦ አንዲት ሴት ባሏንና ሁለት እህቶቿን ብቻ ትታ ሞተች። ለባል ግማሽ፣ ለእህቶቹ በጋራ ሁለት ሦስተኛ ይገባቸዋል። ንብረቷ 42,000 ብር ነው እንበል። ለባል 21,000፣ ለእህቶቹ 28,000 ብንሰጥ ድምሩ 49,000 ይመጣል። 7,000 ብር ከየት ይሞላል? ዑመር (ረ.ዐ) ሶሓቦችን አማከሩና ጉድለቱ ሁሉንም በየድርሻቸው እንዲነካ ወሰኑ። ንብረቱ በስድስት ፈንታ በሰባት ተከፈለ፤ ሦስቱ እጅ ለባል፣ አራቱ እጅ ለእህቶቹ ሆነ። ባልየው 18,000፣ እያንዳንዷ እህት 12,000 ብር ይደርሳቸዋል። ይህ አሠራር «ዐውል» ይባላል። ስሌቱ የተሳሳተ እንደሆነ የአንዱ ሐቅ በሌላው ኪስ ይገባል፤ ይህ ደግሞ በአላህ ፊት ያስጠይቃል።

ይህ ፍላጎት ከጊዜ በኋላ ትልቅ ዕውቀት እንዲስፋፋ ረዳ። እ.ኤ.አ. ከ813 እስከ 833 በገዙት በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የተባሉ ሊቅ በባግዳድ ስለ «አል-ጀብር» መጽሐፍ ጻፉ። ልጆቻችን ዛሬ «አልጄብራ» የሚሉት ቃል ከዚያ መጽሐፍ ስም የመጣ ነው። ከመጽሐፉ ሰፊ የሆነው ክፍል ስለ ውርስና ስለ ኑዛዜ አከፋፈል የሚናገር ነው። እኚሁ ሊቅ የሕንዶችን የቁጥር አጻጻፍ የሚያስረዳ ሌላ መጽሐፍ አላቸው። የሌላ ሕዝብ ዕውቀት ነው ብለው አልናቁትም። «አልጎሪዝም» የሚባለው የኮምፒዩተር ሰዎች ቃልም ከእርሳቸው ስም የወጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1111 ወደ አኼራ የሄዱት ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል፤ የሚበቃ ሰው ከተማረው ከሌላው የሚወርድ፣ ሁሉም ከተወው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ማለት ነው። ስለ ሒሳብ ሲያስረዱም ለግብይት፣ ለኑዛዜና ለውርስ አስፈላጊ መሆኑን ጠቅሰዋል። በደማስቆ ታላቁ የኡመውያ መስጂድ ደግሞ ኢብኑ ሻጢር የሰላት ወቅት ተቆጣጣሪ (ሙወቂት) ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1371 በመስጂዱ ሚናራ ላይ የፀሐይ ሰዓት የሠሩት እርሳቸው ናቸው። የሰማይን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው የመስጂድ ባለሥራ ነበር።

ሆኖም ታሪካችን ሁሉ ብርሃን አልነበረም። ተቂዩዲን የተባሉት ሊቅ በኢስታንቡል ያቋቋሙት የከዋክብት መመልከቻ እ.ኤ.አ. በ1577 ሥራ ጀምሮ በ1580 በሱልጣኑ ትእዛዝ ፈረሰ። ዕውቀት የሚጠብቀው ካጣ የትም ቢሆን ይጠፋል።

ወንድሞችና እህቶች፣ «አልጄብራ የእኛ ነው» ብሎ መኩራት ልጅን አንዲት ክፍልፋይ አያስተምርም። በየመድረሳው ፈራኢድ የሚያስቀሩ ሸኾቻችን ደረሳው አስቀድሞ ማካፈልና ማባዛት መቻሉን ቢያረጋግጡ፣ ወላጆችም የልጃቸውን የሒሳብ ደብተር እንደ ቁርኣን ሒፍዙ ቢከታተሉ ትልቅ ሥራ ነው። ሴት ልጆቻችንን አንርሳ፤ ወራሾች ናቸውና ድርሻቸውን ራሳቸው አስልተው ማወቅ አለባቸው። ሐቁን ማስላት የማይችል ሰው የሰጡትን ተቀብሎ ይሄዳል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን።