የአሰብ መያዝና የደሴ መንገድ (1933 ዓ.ም.)

የደሴ ከተማ ከኢጣልያ አገዛዝ ነፃ የወጣችበት ታሪክ ሲነገር ትረካው ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ላይ ነው። በዚያን ዕለት የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ብርጌድ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር በኮምቦልቻ ተራሮች ለበርካታ ቀናት ከተዋጋ በኋላ ከተማዋን ያዘ። ይሁን እንጂ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ መጨረሻ፣ የአሰብ ወደብ፣ ገና በጠላት እጅ ነበር።

መንገዱ ከጦርነቱ አስቀድሞ የታሰበ ነው። ኢትዮጵያና ኢጣልያ ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ባደረጉት ውል፣ ኢትዮጵያ በአሰብ ነፃ ቀጠና እንድታገኝና ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ ተስማምተው ነበር። ውሉ ሳይፈጸም ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ወረረች፤ መንገዱንም በወረራው ዘመን ለራሷ ጥቅም ሠራችው።

ሰኔ 4 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ከኤደን የተነሡ መርከቦች የ15ኛውን ፑንጃብ ሬጅመንት 3ኛ ሻለቃ ይዘው አሰብ ደረሱ። አውሮፕላኖች ወደቡን ሲደበድቡ፣ በሞተር ጀልባ የተጫኑ ጥቂት የህንድ ወታደሮች ያለ ተቃውሞ ከወደቡ ወረዱ። ጄኔራል ፒያቼንቲኒ ከአልጋው ሳይነሣ ተማረከ። ኢጣልያም በቀይ ባሕር ላይ የቀራትን የመጨረሻ ወደብ በዚሁ አጣች።

ይህ ድርጊት የተዘነጋበት ምክንያት አያስቸግርም። ብዙ ደም አልፈሰሰበትም፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ከአንድ ወር በላይ አልፎ ነበር፤ የተሰለፉትም የባዕድ አገር ልጆች ነበሩ። ሚያዝያ 27 በየዓመቱ ሲከበር ሰኔ 4 በብሔራዊ በዓላት ዝርዝር ውስጥ የለም።

ሆኖም የድርጊቱ ፍሬ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በኋለኞቹ ዐሥርተ ዓመታት የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው ክፍል በአሰብ በኩል ያልፍ ነበር፤ ኮምቦልቻም የዚሁ መንገድ መተላለፊያ ሆና አድጋለች። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ግንኙነቱ እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ ቀጥሏል።

ስለዚህ የታሪክ መምህር የ1933ን ድል ሲያስተምር ከውጊያዎቹ ዝርዝር ጎን ካርታ ቢዘረጋ፣ ተማሪዎቹም ደሴን፣ ኮምቦልቻንና አሰብን በአንድ መስመር ቢያያይዙ፣ የአንድ ከተማ ዕጣ በተራራዋ ላይ በተደረገው ውጊያ ብቻ ሳይሆን በሩቅ ወደብ በሆነውም ጭምር እንደሚወሰን ይረዳሉ።