ከእናቱ የተለየ የድመት ግልገልና የጥንት አሳዳጊዎቹ

የድመት ግልገል ዓይኑን በገለጠ ሰሞን እናቱ ብትጠፋበት፣ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መጠበቅ የማይቻለው፣ ሽንቱንም ያለ እናቱ ምላስ ማውጣት የሚሳነው ፍጡር ነውና፣ የሚያሳድገው ሰው በሞቀ ውሃ በራሰ ጨርቅ ታችኛውን ሆዱን እያሻሸ፣ ሲያጠባውም በጀርባው ሳያንጋልል በደረቱ አስተኝቶ፣ የእናትነትን ግብር ይፈጽምለት ዘንድ ግድ ይሆናል።

የዚህ ሞግዚትነት ጥንታዊነት በመቃብር ይመሰከራል። የዱር ድመት በተፈጥሮ ባልነበረባት በቆጵሮስ ደሴት፣ ከ9,500 ዓመት በፊት በተቀበረ ሰው አጠገብ፣ ስምንት ወር ያህል የሞላው ድመት አፅም ተገኝቷል፤ ዘሩም ወደ ደሴቲቱ የተሻገረው በሰው ታንኳ መሆኑ ግልጽ ነው። በላይኛው ግብፅ፣ በሂየራኮንፖሊስ መካነ መቃብር ደግሞ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3700 ዓመት ገደማ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ድመት፣ ከሁለት ልዩ ልዩ ወሊድ ከተገኙ አራት ግልገሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል፤ ሊቃውንትም የዕድሜያቸውን ልዩነት ከዱር ድመት የመውለጃ ወራት ጋር አመዛዝነው፣ በሰው እጅ ተይዘው ይኖሩ እንደ ነበር ገምተዋል።

ከብዙ ዘመን በኋላ የጽርዕ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፣ በግብፃውያን ቤት ድመት በሞተች ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ቅንድቡን እንደሚላጭ፣ በድኗም ወደ ቡባስቲስ ከተማ ተወስዶ እንደሚቀበር ጽፏል።

ድመትን ወደ ሰው መንደር የጠራት የእህል ጎተራና የአይጥ ብዛት ነው ቢባል እውነት ነው፤ ከሰው ጋር ያላመዳት ግን ግልገሏን ያሳደገ እጅ ሳይሆን አይቀርም።