ቆርቆሮውስ ይመጣል፣ ዱቤውን ማን ይሰጣል?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በመመሪያ ቁጥር 1001 አስመጪነትን፣ ጅምላንና ችርቻሮን ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። ነገ ግዙፍ የውጭ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ቢመጣስ?

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የቦምቤው መሐመድአሊ ኩባንያ ሐረርና አዲስ አበባ ይነግድ ነበር፤ ፋሺስት ጣሊያን በ1929 አባረረው። ኤደን የከተመው ፈረንሳዊ አንቶኒን ቤስም እዚህ ሠርቷል። በ1967 ደግሞ ደርግ ትልልቅ የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ። በራችንን ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረው ከገበያው ይልቅ ፖለቲካው ነው።

ከውጭም እንማር። የአሜሪካው ሆም ዲፖ እ.ኤ.አ. በ2012 ቻይና ውስጥ የቀሩትን 7 መደብሮቹን ዘጋ። ቻይናዊው ቤቱን ራሱ ከሚጠግን ባለሙያ መቅጠርን መርጦ ነበር።

አብደራፊም እንዲሁ ናት። ቤቱን የሚሠራው አናጢ ነው። ገበሬው ቆርቆሮና ሚስማር የሚከፍለው ሰሊጡ ሲሸጥ ነው፤ እስከዚያ የሚያቆየው የሰፈሩ ነጋዴ ዱቤ ነው። ግዙፉ መደብር ስም ደብተር ላይ ጽፎ አጨዳ አይጠብቅም።

ርካሽ ቆርቆሮ ይምጣ፣ አልቃወምም። ለአገሬው ነጋዴ ግን የባንክ ብድርና ሰላማዊ መንገድ ሳይሰጡ «ተወዳደር» ማለት፣ እጁን አስሮ «ታገል» እንደማለት ነው።