የወል ስም፣ የግል መብት

ሰዋስው ስንማር ካስጠኑን የስም ዓይነቶች ሁለቱ የተጸውዖ ስምና የወል ስም ነበሩ። «አክሊሉ» የተጸውዖ ነው፤ «እንዶድ» የወል። ዛሬ የምናወራው ስለነዚህ ሁለት ስሞች ነው።

እኛ የከተማ ልጆች ልብሳችንን በኦሞ ብናጥብም፣ የአያቶቻችንን ነጠላ ያነጣው እንዶድ ነው። በደጋና በወይናደጋ ጫካ ዳር፣ ቁጥቋጦ ላይ እየተንጠላጠለ ይበቅላል። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል። አረፋው ግን መርዝም ነው፤ ዓሣ ይገድላል። ኮሶ ለማሻር ወይም ጽንስ ለማስወረድ የጠጣው ሰውም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ሳይንቲስቶች ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይሉታል። ዶዴካንድራ በግሪክኛ «አሥራ ሁለት ወንዶች» እንደማለት ነው፤ የአበባውን ወንዴ ክፍሎች ቆጥረው ነው። ተክሉን በየወንዙ ዳር ይዘውት የኖሩት ግን ሴቶች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈዋል። ከዚያ በኋላ አድዋ ላይ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ስም መስጠቱ ከዚያ ቀጠለ። መርዙ በተመራማሪው አባት ስም «ለማቶክሲን» ተባለ። ለማ ማለት በኛ ቋንቋ በለጸገ ነው! እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉ ከባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይገባቸዋል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን የዛጎል እንስሳ በእንዶድ ይሞታል ተባለና፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የፓተንት ባለቤት ሆነ። የወሉ እንዶድ የባለ መብት ሰነድ ወጣበት።

በዚህ ሁሉ መሀል፣ እኛ ባነበብናቸው ታሪኮች ውስጥ የዚያች የአድዋ አጣቢ ስም የለም። ሁሌም «ሴቶች» ናቸው፤ እሱም የወል ስም ነው።

እንግዲህ አያቶቻችን ስለ አንድ ቅጠል ሲነግሩን የቅጠሉን ስም ብቻ አንጻፍ። የነገረችንንም ስም እንጻፍ።