የተቀረቀረው የኋላ በር

ሰሞኑን ሜልበርን ካለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋር በስልክ ስንጨቃጨቅ ነበር። እሱ «ቤት ሲቃጠል ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፤ መንግሥትን ምን ዶለው?» ይላል። በስልክ አልተዋጣልንምና እዚህ ልጻፈው። ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ዳውንታውን፣ ፍሪሞንት አካባቢ ተሳፋሪ ፍለጋ ስዞር በሰሜን 9ኛ ጎዳና አልፋለሁ። አልፓይን ሞቴል የሚባለው በ1972 የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ያለው እዚያ ነው። ስሙ ሞቴል ይሁን እንጂ የሚኖሩበት አቅም የሌላቸው ተከራዮች ነበሩ። ዲሴምበር 21 ቀን 2019 ሊነጋጋ ሲል ተቃጠለ። ቬጋስ በረሃ ነው ብላችሁ አትሸወዱ፤ የዲሴምበር ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ማሞቂያ ስላልነበራቸው ተከራዮቹ የወጥ ቤት ምድጃ ለኩሰው ይሞቁ ነበር፤ እሳቱም የተነሳው ከምድጃ ነው። የኋላው መውጫ በር ተቀርቅሯል። ሰው በመስኮት ዘለለ። 6 ሰዎች ሞቱ፣ 13 ቆሰሉ።

ባለቤቱ በወንጀል ተከሰሰ። ይገባል፣ እሱ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ጠብ የለንም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከእሳቱ በኋላ ተቆጣጣሪዎች ገብተው ከ40 በላይ የደኅንነት ጉድለቶች መዘገቡ። 40 ጉድለት በአንድ ሌሊት አይበቅልም። ከዚያ በፊት ግን የከተማው የእሳት ተቆጣጣሪ ቤቱን ሳይፈትሽ ከሁለት ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ይህች አገር ደግሞ ትምህርቱን በውድ ገዝታዋለች። ኖቬምበር 21 ቀን 1980 ጠዋት ስትሪፕ ላይ ኤምጂኤም ግራንድ ተቃጠለ። (ስትሪፕ በሕግ ላስ ቬጋስ ከተማ ውስጥ አይደለም፣ የክላርክ ካውንቲ ነው። ለቱሪስት ስነግረው የሚያምነኝ የለም።) መነሻው አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ውስጥ የነበረ ሽቦ ነው። የማቀዝቀዣው ንዝረት የሽቦውን ልባስ ቀስ በቀስ ፈገፈገው። እኔ ድሮ መሐንዲስ ሳለሁ እንዲህ ያለውን ነገር ነበር የምንፈራው፤ ድምፅ የለውም፣ ዓመታት ይጠብቃል። እሳቱ ከታየ ከደቂቃዎች በኋላ ካዚኖው በሙሉ ነደደ። ከሞቱት 85 ሰዎች አብዛኞቹ ግን እሳቱን እንኳ አላዩም። ጭሱ በአሳንሰር ጉድጓድና በደረጃ ሽቅብ ወጥቶ ላይኛው ፎቅ ላይ አፈናቸው። ደረጃው ውስጥ የገባ ሰው በሩ ከኋላው ይቆለፍበት ነበር።

ሕንፃው 106 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ሙቀት ሲሰማው ራሱ ውሃ የሚረጨው ስፕሪንክለር ለቀሩት ቦታዎች 192 ሺህ ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር። የእሳት አደጋ ሰዎች ይገጠም ብለው ተሟግተዋል። የካውንቲው የሕንፃ ሹም ግን ከሆቴሉ ጋር ወገነ። ምክንያቱ «ቦታው 24 ሰዓት ሰው አይጠፋበትም፣ እሳት ቢነሳ ወዲያው ይታያል» የሚል ነበር። በኋላ ምግብ ቤቱ ሌሊት መዘጋት ጀመረ። ፈቃዱ ግን ባለበት ቀረ፤ ተመልሶ ያየው የለም።

በሦስተኛው ወር ሂልተን ተቃጥሎ 8 ሰዎች ሞቱ። ያኔ ኔቫዳ በ1981 ጠንካራ ሕግ አወጣች፤ የድሮዎቹም ረጃጅም ሆቴሎች ስፕሪንክለር እንዲገጥሙ ተገደዱ። ሕጉ ያየው ወደ ላይ፣ ወደ ረጃጅሞቹ ነው። የዳውንታውን ባለ ሦስት ፎቆች ዓይን ውስጥ አልገቡም።

አሁን ወደ ጓደኛዬ አገር ልሂድ። አውስትራሊያ በ2009፣ የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ፣ ሥራ ለመፍጠር ብላ የቤት ጣሪያ ሙቀት መከላከያ በመንግሥት ገንዘብ ማስገጠም ጀመረች። ፌብሩዋሪ ላይ ታወጀ፣ ጁላይ ላይ ተጀመረ። ሥራውን የሚያውቅ ይግባ የሚለው መስፈርት ላልቶ ሥልጠናው ለሠራተኛው ሳይሆን ለአለቃው ብቻ ሆነ። አንዳንዱ ቤት የሚነጠፈው የአልሙኒየም ፎይል ነበር። ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በብረት ስቴፕል ስትመታው ስቴፕሉ ከሥር ያለውን ሽቦ ከወጋ፣ የተኛህበት ጣሪያ ራሱ ሽቦ ሆነ ማለት ነው። ጎረቤት ኒው ዚላንድ በ2007 በዚሁ ሦስት ሰው ሞቶባት ነበር፤ ማስጠንቀቂያው በእጃቸው ነበር። አራት ወጣቶች ሞቱ፤ ሦስቱ በኤሌክትሪክ፣ አንዱ በሙቀት። ትንሹ የ16 ዓመት ልጅ ነው። ፕሮግራሙ በፌብሩዋሪ 2010 ተዘጋ።

መንግሥት ያኔ ደኅንነት የክልሎችና የአሠሪዎች ጉዳይ ነው ብሎ ነበር፤ ልክ እንደ ጓደኛዬ። በ2014 ኢያን ሃንገር የመሩት ንጉሣዊ ኮሚሽን አልተቀበለውም። ብሩን የሰጠው፣ ፍጥነቱን የወሰነው ማዕከላዊው መንግሥት ነው፤ በክልሎች ላይ መደገፍ አልነበረበትም፤ ሞቱም ሊቀር ይችል ነበር አለ። አሠሪዎቹ ነፃ ናቸው አላለም። ሁለቱም በየድርሻቸው ይጠየቃሉ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ፈቃድ የሚሰጥ፣ ብር የሚበትን፣ ወይም የመፈተሽ ሥልጣን የያዘ አካል «እኔ ክብሪት አልጫርኩም» ብሎ አያመልጥም።

ጓዴ፣ መልስህን እጠብቃለሁ። እዚህ ዳውንታውን አሮጌ አፓርትመንት የተከራያችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ የኋላውን በር ከውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት። እምቢ ካለ ለአከራዩ ብቻ ሳይሆን ለከተማውም ደውሉ፤ የደወላችሁበትን ቀንም ጽፋችሁ አስቀምጡ።