ከመዝገብ የቀረች እናት

በ1894 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀደ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ይህ መስመር የግሪክ ነጋዴዎችን ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ጎሬና ወደ ደምቢዶሎ ሳበ። በ1915 ዓ.ም. የሎዛን ስምምነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የትንሿ እስያ ክርስቲያኖችን ስደት ካጸደቀ ወዲህም ኢትዮጵያ ለጥቂቶቹ መጠጊያ ሆናለች።

የነጋዴው ስም በመዝገብ ይገኛል፤ ስለ ሚስቱ ግን መዝገቡ ዝም ይላል። የቡናው ኩንታል፣ የበቅሎው ኪራይ፣ ዕዳውና ትርፉ በባል ስም ሰፍሯል። ልጅ ማሳደግ፣ እንግዳ መቀበል፣ በሽተኛ ማስታመም፣ የአያቶችን ቋንቋ በልጅ አንደበት ማቆየት ግን ዋጋ አልተተመነለትም። ሆኖም ያለዚህ ድካም ሱቁ ባልቆመም ነበር።

የግሪክና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን በአንድ ቀን ያከብራሉ። ባሕር ተሻግራ የመጣችው እናት እንቁላሏን ቀይ ስትቀባ ኦርቶዶክስ ጎረቤቷ ዶሮ ወጧን ትሠራለች። የባዕድነት ግድግዳ ከገበያው ይልቅ በማጀት ሳይሳሳ አልቀረም።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፤ በዚያ ዘመን ብዙ ግሪካውያን ከአገር ወጡ። ያን ጊዜ ቤቶቹ ተቆጠሩ፤ በውስጣቸው ያለፈው የእናቶች ዕድሜ ግን አልተቆጠረም። እንግዲህ የወለጋን ከተሞች ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የሱቁን በር አልፎ ማጀቱንም ማየት ይገባዋል።