ለሚቆራረጥ መስመር የተሠሩ መሣሪያዎች

በአምቦ መንገድ ዳር ሳንሱሲ የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ውጭ አገር ካለ ሰርቨር ብዙ ፋይል እንዳለ ወደ ራሱ ማሽን መገልበጥ ቢፈልግ ስለ ፍጥነት ከመጨነቁ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል። መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቆረጥ ሥራው ከየት ይቀጥላል?

ጥያቄው አዲስ አበባ ኢንተርኔት ከማየቷ በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከከተማዋ የኢሜይል በሮች አንዱ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ ነው። መልእክት ይጠራቀምና በሞደም፣ በስልክ መስመር ወደ ለንደን ይሄዳል። በኢሜይል ብቻ የሚገናኝ ሰው ፋይል ሲያምረው ትእዛዙን ጽፎ ኤፍቲፒ ሜይል ወደሚባል አገልግሎት ይልካል፤ ማሽኑ ፋይሉን አምጥቶ፣ ቆራርሶ በኢሜይል ይመልስለታል። አንድ ቁራጭ ከጎደለ ፋይሉ አይከፈትም።

ቴሌ በጥር 1989 ዓ.ም. ዳይል አፕ ኢንተርኔት ሲጀምር የተሻሉ መሣሪያዎች ገና መውጣታቸው ነበር።

የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ የሆነውን ኤፍቲፒን አባይ ቡሻን የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ክሮኤሺያዊው ህርቮዬ ኒክሺች እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ደብሊውጌት የተባለ ፋይል ማውረጃ ግን ከመነሻው ለዘገምተኛና ለሚቆራረጥ መስመር የታሰበ ነበር፦ ሲቋረጥበት ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሰርቨሩ ከፈቀደለት ካቆመበት ይቀጥላል። ጉድለቱ፣ ከትልቅ ፋይል ውስጥ ጥቂት ፊደል ብቻ ቢቀየር እንኳ ሙሉውን እንደገና ማውረዱ ነው።

ይህን የፈቱት አውስትራሊያውያኑ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ ናቸው። በዚያው ዓመት ሰኔ ያወጡት አርሲንክ ፋይሉን በብሎክ ከፋፍሎ፣ የሁለቱን ወገን ብሎኮች በአጭር የሒሳብ ምልክት አስተያይቶ የተለወጠውን ብቻ ይልካል። በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ከዚህ የበለጠ ብልሃት የለም። ችግሩ፣ አርሲንክ በወዲያኛው ሰርቨርም መኖር አለበት፤ የሰው ሰርቨር ደግሞ ማን ይከፍታል? ኤፍቲፒ ብቻ ላለው ሰርቨር ኤልኤፍቲፒ የተባለው ፕሮግራም «ሚረር» ትእዛዝ ይሻላል።

ስለዚህ ሰርቨሩ የራስዎ ከሆነ አርሲንክ፣ የሌላ ሰው ድረ ገጽ ከሆነ ደብሊውጌት ይምረጡ። በአርሲንክ «ዲሊት» የሚለውን ትእዛዝ ሲጨምሩ ግን ይጠንቀቁ፤ ከምንጩ የጠፋውን ሁሉ ከእርስዎም ዘንድ ያጠፋልና አስቀድመው ምንም ሳይነካ የሚሆነውን ብቻ በሚያሳየው «ድራይ ራን» ይሞክሩት።